ሦስት ጣት ገበር

እናቴ ሃያ ስምንት ዓመት ጥልፍ ስታስተምር የአንድ ተማሪ ሥራ እንኳን ከፊቱ ጀምራ አርማ አታውቅም። ልጅቷ ጨርቋን ይዛ ስትቀርብ "ገልብጪው" ትላታለች። ጀርባውን ታያለች፤ ክሩ ከየት እንደተነሳ፣ የት ላይ እንደዘለለ፣ የት እንዳለቀ በጥፍሯ ትከተላለች። ፊቱን የምታየው ከዚያ በኋላ ነው፣ እሱንም ካስፈለገ። ተማሪዎቹ "እትዬ ገልብጪ" የሚል ስም አውጥተውላት ነበር። የማታውቅ ትመስላለች እንጂ ታውቃለች፤ እኔንም በሰፈሩ "የገልብጪ ልጅ" ሲሉኝ ሰምታ ዝም ትል ነበር።

ስለዚህ "ጥልፎችሽን ገጣጥመን፣ መሃሉን ጥጥ አድርገን፣ ጀርባውን ገበር አልብሰን አንድ ትልቅ የግድግዳ ጌጥ እናድርጋቸው" ስላት ያላንዳች ክርክር እሺ ማለቷ ሊገርመኝ ይገባ ነበር። አልገረመኝም። ሐሳቤ ጥሩ ስለሆነ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ከሄድኩበት ከተመለስኩ አራት ወር ሆኖኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሩቅ አገር ተምሬ፣ አሮጌ ጨርቆች እንዴት ሳይበሰብሱ እንደሚቆዩ ሦስት መቶ ገጽ ጽፌ ተመርቄአለሁ። ቁልፍ መትከል ግን አልችልም። እናቴ ለጎረቤት ስታስተዋውቀኝ "ልጄ የጨርቅ ሐኪም ናት፤ በሽተኛው ከሞተ መቶ ዓመት ካልሞላው ግን አታየውም" ትላለች። ሥራ አላገኘሁም። ሻንጣዬ አልጋዬ ስር ግማሹ እንደታጨቀ ተቀምጧል። ጠዋት ልቆይ ብዬ እነሳና ከሰዓት በኋላ የአውሮፕላን ሰዓት ስፈልግ ራሴን አገኘዋለሁ።

የግድግዳውን ጌጥ የፈለገው እናቴ ያስተማረችበት ትምህርት ቤት ነው። እዚያ መግቢያው ኮሪደር ላይ ረጅም የእንጨት ዘንግ አለ። ወቅት በተለወጠ ቁጥር እናቴ የወቅቱን ጥልፍ ትሰቅልበት ነበር። ጡረታ በወጣች በሁለተኛው ዓመት ጣሪያው አፍስሶ የነበሩት ሁሉ ሻገቱ። አሁን ኮሪደሩ ታድሶ ዘንጉ ባዶውን ቀርቷል። ይህን ልትነግረን የመጣችው የጥልፍ ክፍሉ ኃላፊ ናት፤ የድሮ ተማሪዋ፣ እናቴ "ቋጠሮ" የምትላት። ተማሪ ሳለች ክር ባለቀ ቁጥር ከጀርባ ትቋጥር ስለነበር ነው። ዛሬ ሁለት ልጆች ወልዳ፣ መነጽር አድርጋ፣ አሥራ አንድ ሰው እያዘዘች እናቴ ፊት ስትቀመጥ ጉልበቷን ገጥማ ነው።

"የክረምቱን እርስዎ ይሥሩልን እትዬ" አለች። "ሌላም አለ። በሳምንት ሁለት ቀን መጥተው ቢያስተምሩልን ብለን ተነጋግረናል። አዲሶቹ ልጆች ማሽን እንጂ እጅ አያውቁም። ኮሚቴው ሥራዎን አይቶ ይጨርሳል፤ ለወጉ ያህል ነው።"

"አስብበታለሁ" አለች እናቴ፣ ጣጣ እንደመጣባት ሰው።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ነጩ የማስተማሪያ ጋዋኗ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በሩ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። አምስት ዓመት ሳጥን ውስጥ የከረመ ጋዋን ነው።

ዘጠኝ ጥልፎች መረጠች፤ እያንዳንዳቸው የትራስ ግማሽ የሚያህሉ። ከላይ ሦስት የደመና፤ ጡረታ ሳትወጣ የሠራቻቸው ናቸው። መሃል ሦስት የዝናብ፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ጃንጥላ፣ ከቦይ የሚወርድ ውሃ። ከታች ሦስት የበቀለ ነገር፤ ቅጠል፣ ድንጋይ ስር የወጣች አበባ፣ ኩሬ ዳር የተቀመጠች እንቁራሪት። እነዚህን የሠራቻቸው ዘንድሮ ነው። እኔ በእርሳስ ሥዕል ነደፍኩ፣ ልኬት ጻፍኩ፣ ረድፎቹን ቁጥር ሰጠኋቸው። እናቴ ወረቀቱን አየችና "ድልድይ ነው የምንሠራው?" አለችኝ።

ነገሩን ያወቅኩት ስተኩስ ነው። ጥልፍ ሲተኮስ ፎጣ ላይ በፊቱ ይደፋና ካውያው በጀርባው ይሄዳል፤ ካልሆነ የተነሳው ክር ይተኛል። ደመናዎቹን ደፋሁ። ጀርባቸው ከፊታቸው አይለይም፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ እስኪጠፋኝ። ዝናቦቹን ደፋሁ፤ እዚህም እዚያም ክር ዘሏል እንጂ ንጹህ ናቸው። ቅጠሉን ስደፋ ካውያውን መልሼ አቆምኩት።

ጀርባው የተንጨባረረ ነበር። ክር በክር ላይ፣ የተፈታ፣ እንደገና የተወጋ፣ ተቆርጦ የቀረ፣ ሦስት አረንጓዴ አንድ ቦታ ላይ የተዳፈነ። ጨርቁ ከመወጋት ብዛት ሳስቶ ብርሃን ያስገባል። ገለበጥኩት። ፊቱ ላይ አንዲት የማትነቀፍ ቅጠል። መልሼ ደፋሁት። አበባዋም እንቁራሪቷም እንደዚያው ናቸው።

ያኔ ሌሎች ነገሮች ትዝ አሉኝ። እናቴ ብርጭቆ በሁለት እጇ ነው የምትይዘው፤ ግማሹን ብቻ ነው የምትሞላው። ፊርማዋን እኔ እንድፈርምላት ጠይቃኝ ስቄባታለሁ። አራት ወር አንድ ቤት ውስጥ ኖሬ አላየሁም። ሙያዬ ማየት ነው ብዬ የጻፍኩ ሰው።

"ይቃጠላል" አለች ከኋላዬ። በሩ ላይ ቆማለች።

"አቁሜዋለሁ።"

"አየሽው?"

"አየሁት። ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"እጄ ነው? ሁለት ዓመት አለፈው። ሐኪሙ ስሙን ነግሮኛል፤ ስሙ ምን ያደርግልሻል።" መጥታ ቅጠሉን በመዳፏ ሸፈነችው። እጇ እንደዚያ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ አይንቀጠቀጥም።

"ስንት ጊዜ ነው የፈታሽው?"

"ቅጠሏን ስድስት። እንቁራሪቷን አትጠይቂኝ።"

"ለምን አልነገርሽኝም እማ?"

"አንቺስ ሻንጣሽን ለምን እንዳላወጣሽው ነግረሽኛል?"

ገበሩን እሺ ያለችበትን ምክንያት የዚያን ጊዜ ነው የተረዳሁት። ሦስቱ ድርብ አንድ ላይ ከተሰፉ በኋላ ጀርባው ጥጥና ገበር ስር ይቀበራል፤ ማንም አይገለብጠውም።

"ለቋጠሮ ንገሪያት" አልኩ። "ትረዳለች።"

"ትረዳለች። ታዝንልኛለች፤ ከዚያ አሮጊቷን አናስቸግራት ብላ ሌላ ሰው ትፈልጋለች። እኔ ብሆን ምን የማደርግ ይመስልሻል? እንዲህ ያለ ጀርባ ይዛ የመጣችውን ክፍሌ አስገብቼ አውቃለሁ?" ጋዋኗ ወዳለበት በር አየች፣ ቶሎም ዓይኗን መለሰች። "ጀርባውን ካዩት አይወስዱኝም። በቃ። ተኩሺ።"

ተኮስኩ። ልክ ነው ወይ ብዬ ሳስብ ሁለት ቀን ሄደ። ስታስተምር የኖረችውን ነገር ራሷ እየሸፈነች ነው፤ እኔም እያገዝኳት ነው። ግን ስድስት ጊዜ ፈትቶ የሠራን ሰው ምን ብለው ይከራከሩታል?

ጥጡን ያገኘነው መንገዱ ዳር ካለው ፍራሽ ሰፊ ነው። ለጨዋታ የሚመች ሰው ነው። ለገበር የድሮውን ግራጫ መጋረጃ ቆረጥንና የተረፈውን ቁራጭ ለጥጡ ማካካሻ ሰጠሁት። ከዚያ ቀለል ያለው ሥራ መጣ፤ ቀለል ያለ መስሎኝ ነበር። ጥልፉን፣ ጥጡንና ገበሩን ደርበን በትልልቅ ክር ለጊዜው አያያዝናቸው። ቀጥሎ በየጥልፉ ዙሪያ ሦስቱንም የሚያልፍ ደቃቅ ስፌት መስፋት ነው። ጥልፉን ራሱን መውጋት የለም፤ ዳር ዳሩን ነው። ዙሪያው ሲጠብቅ መሃሉ በጥጡ ይነሳል፤ ደመናው እውነትም ዝናብ ያዘለ ይመስላል።

"ከመሃል ጀምረሽ ወደ ዳር ውጪ" ብላኝ እናቴ ለሐኪም ቀጠሮዋ ሄደች።

እኔ ግን ወረቀቴ ላይ ረድፎቹን ከላይ ወደ ታች ነበር ቁጥር የሰጠኋቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። መሃል የሚባል ቁጥር አልነበረም። ከላይ ጀመርኩ። በመርፌ ጣቴን እየወጋሁ፣ በራሴ እየተደነቅኩ ክፍሌ ውስጥ ሦስት ቀን ሠራሁ። ከሦስት መቶው ገጽ አንዱ ላይ ከመሃል ካልተጀመረ የታችኛው ጨርቅ እንደሚሸሽ ሳልጽፍ አልቀረሁም።

ሸሸ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጎንና ጎኑን፣ ላዩንም ዘግተን የታችኛውን ጠርዝ ለመዝጋት ስንገለብጠው ገበሩ ከነጥጡ ተሸብሽቦ ወደ ላይ ወጥቷል። ከታች ሦስት ጣት ያህል ጥልፉ ጀርባውን ሰጥቶ ራቁቱን ቀርቷል። ከሌላ ቦታ ሳይሆን ከቅጠሉ፣ ከአበባውና ከእንቁራሪቷ ስር።

እናቴ አየችው። እኔን አየችኝ። ከዚያ ሳቀች፤ ስትስቅ ከሰማኋት ስንት ጊዜዬ ነው። ወንበር ይዛ ነው የሳቀችው።

"ከላይ ነው የጀመርሽው።"

"ከላይ ነው።"

"ዘጠኝ ዓመት" አለች ዓይኗን እየጠረገች። "ዘጠኝ ዓመት ተምረሽ ገበሩን እንዲህ መንገድ ታስጀምሪው?"

"ልፍታው?"

"ቋጠሮ ዓርብ ትመጣለች፤ አይደርስም። ከዚያው ከመጋረጃው ቁራጭ ቀጥይበት፤ ሌላ ቀለም ከሆነ የተለጠፈ ነገር አለ ብሎ ዓይን ይጠራል።"

ሐሙስ ጠዋት ፍራሽ ሰፊው ጋ ሄድኩ። ጥጥ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ በዱላ እየመታ ነው።

"ጋሼ፣ ያን ግራጫ ቁራጭ ፈልጌው ነበር።"

ዱላውን ቆም አደረገና ፊቱን አኮሳተረ። "ሰጥተሽኝ?"

"ሰጥቼዎት። ትንሽ ነው የምፈልገው።"

"እዚሁ ነው ያለው፣ ግን ተቀምጬበታለሁ" ብሎ ከኋላው ያለችውን ዱካ አሳየኝ። ቁራጩ የዱካዋ ትራስ ሆኗል፤ ያውም ጥሩ ትራስ። "ትላንትና ሰፋኋት። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው መቀመጫ ሰፍቼ፣ ለራሴ የሰፋሁ ቀን ወራሽ መጣባት።"

ለእናቴ መሆኑን ነገርኩት። ሌላ ነገር አልጠየቀም። ተቀመጠና ስፌቱን በምላጭ ጫፍ አንድ በአንድ ይፈታ ጀመር። ቸኮልኩ፣ ልቅደደው አልኩት። "እትዬ ገልብጪ ቤት የሚገባ ጨርቅ ነው" አለኝ፣ "ተቀዶ ከሄደ እኔን ነው የምትገለብጠኝ።" አንድ ሰዓት ፈጀ።

ቁራጩን ይዤ ቤት ስደርስ በሩ ላይ የማላውቀው ጫማ አየሁ።

ቋጠሮ አንድ ቀን ቀድማ መጥታለች። ጠረጴዛው ላይ የግድግዳው ጌጥ በፊቱ ተዘርግቷል። እናቴ ከታች በኩል ተቀምጣ ሁለቱንም መዳፎቿን ጠርዙ ላይ ጭናለች፤ መስኮት ተከፍቶ ነፋስ የሚወስድባት ነው የምትመስለው።

"ነገ ኮሚቴው ሊሰበሰብ ነው፣ ዛሬ ልውሰደው ብዬ ነው" አለችኝ ቋጠሮ። ዓይኗ ከጨርቁ አልተነሳም። "እትዬ፣ ይቺ እንቁራሪት ልትዘል ነው እኮ። ይቺን ሳይ ልጄን..." አልጨረሰችውም። እጇ ወደ ታችኛው ጥግ ሄደ።

አስባበት አይደለም። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት የለመደችው ነገር ነው፤ ጥልፍ ካየሽ ገልብጪ። ጣቶቿ ጥጉን ያዙና ለማንሳት ሲሞክሩ አልነሳ አላቸው። የእናቴ መዳፍ አለበት። ቋጠሮ ቀና አለች።

"ገበሩ አላለቀም" አልኩ እኔ። "የኔ ጥፋት ነው፣ አሳጠርኩት። ቁራጩ ይኸው።"

"እሺ፣ እሺ" አለች ቋጠሮ እጇን መልሳ። ፊቷ ትንሽ ቀላ። "ይለቅና እናየዋለን። ምን አስቸኮለኝ።"

አልፎልን ነበር። ቁራጩን ወዲያው እሰፋዋለሁ፣ ነገ ኮሚቴው ፊቱን ያያል፣ በሚቀጥለው ሳምንት እናቴ ጋዋኗን ትለብሳለች። እናቴን አየኋት፤ እሷም ይህንኑ እያሰላች እንደሆነ አውቃለሁ። በሩ ላይ ያለውን ጋዋን አየች። ቀጥላ ደግሞ የቋጠሮን እጅ አየች፤ ጭኗ ላይ ታቅፋ ያስቀመጠችውን፣ አትንኪ እንደተባለ ልጅ።

እናቴ መዳፎቿን ከጠርዙ ላይ አነሳች። ሁለቱም እጆቿ አየር ላይ ይንቀጠቀጡ ነበር። ወደ ጭኗም አላወረደቻቸውም።

"ገልብጪው" አለች።

ቋጠሮ እጆቹን አየች። ከዚያ ጨርቁን ገለበጠችው። ጎንበስ ብላ ያን ሦስት ጣት ዳር ከግራ ወደ ቀኝ አየችው። መነጽሯን አውልቃ እንደገና አየችው። በጥፍሯ አንዱን አረንጓዴ ክር ተከተለች፤ ጠፋባት፣ መልሳ አገኘችው። ውጭ አንዱ ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል።

"ስንት ጊዜ ነው?" አለች በመጨረሻ።

"ስድስት።"

"እኔን አራት ጊዜ ቢያስፈቱኝ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።"

"አምስት ነው" አለች እናቴ። "አምስተኛውን ቤት ወስደሽ እህትሽ ናት የሠራችልሽ። ያላወቅኩ መስሎሻል?"

ቋጠሮ መነጽሯን መልሳ አደረገች። "እና ለምን ዝም አሉኝ?"

"አራት ጊዜ ፈትተሽ ነበራ።"

ቋጠሮ እጅዎን ምን ሆኑ አላለችም፤ አይዞዎት አላለችም። ስትናገር ለሥራ ጉዳይ እንደምትነጋገር ሰው ነው የተናገረችው።

"እጅማ ሞልቶናል። ሠላሳ አራት ልጅ ነው ያለኝ፤ ስልሳ ስምንት እጅ። የሚገለብጥ ነው ያጣነው። ለኮሚቴው የምነግራቸው እኔ ነኝ፤ ጀርባውንም አሳያቸዋለሁ። እርስዎ ካልፈቀዱልኝ ግን አልወስደውም።"

እናቴ ለእኔ "መርፌ ስጫት" አለችኝ።

ቋጠሮ የፍራሽ ሰፊውን ቁራጭ ለካች፣ ቆረጠች፣ ከገበሩ ጫፍ ጋር አያይዛ መስፋት ጀመረች። ፈጣን ናት። ስትጨርስ ክሩን በጥርሷ ልትበጥስ ስትል እናቴ በዓይኗ ከለከለቻትና መቀስ አሳየቻት። ቆረጠች። ሳትባል ገልብጣ ሰጠቻት። እናቴ ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ በጥፍሯ እስከ መጨረሻው ሄደችና ቆመች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

ቋጠሮ ጎንበስ ብላ አየች። "ቋጠሮ ነው" አለች ቀስ ብላ።

"ኃላፊ አደረጉሽ አሉኝ።"

ሁለቱም ሳቁ፤ ቋጠሮ እየሳቀች መፍታት ጀመረች።

የቁራጩ የታችኛው ጠርዝ ግን ገና ክፍት ነበር። ይህ ደግሞ ይሰፋ ስል እናቴ ቆይ አለችኝ። ጨርቁን አንስታ አወረደችው፣ እንደ መስኮት ክዳን ከፈተችው፣ ዘጋችው።

"አይሰፋም" አለች። "ቁልፍ ይደረግበት። ልጆቹ ከፍተው ይዩት።"

"ሁልጊዜ?" አለች ቋጠሮ።

"ፊቱንማ ማንም አላፊ አግዳሚ ያየዋል።" ወደ እኔ ዞረች። "አምስት ቁልፍ ይበቃዋል። ሰፋ ሰፋ ያለ።"

ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ቁልፍ ያለበትን ቦታ አውቀዋለሁ። ክፍሌ ገባሁና ሻንጣውን ከአልጋው ስር ጎተትኩት። ከላይ ያሉትን መጻሕፍት አውጥቼ ወንበሩ ላይ ደረደርኳቸው፣ ሹራቦቹን አልጋው ላይ አደረግኩ፣ ከታች ያንን ለዚያ አገር ብርድ የገዛሁትን ከባድ ካፖርት አገኘሁት። አምስት ቁልፍ፣ ከቀንድ የተሠሩ የሚመስሉ። በመቀስ አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። ካፖርቱ ፊቱ ተከፍቶ ወንበሩ ላይ ቀረ።

ስመለስ ቋጠሮ ሻይ ይዛ እናቴ ስለ ክፍሉ ወንበሮች እየጠየቀቻት ነው፤ ልጆቹ አሁንም ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ነው ወይ የሚቀመጡት፣ ብርሃኑ እጃቸው ላይ እንዳይወድቅ ማን አዞራቸው። መርፌ ላይ ክር ለማስገባት አራት ጊዜ ሞከርኩ። ማንም አላገዘኝም። የመጀመሪያውን ቁልፍ ስተክል ጣቴን ወጋሁ፣ ክሩ ተጠላለፈ፣ ፈታሁት፣ እንደገና ጀመርኩ። ሲያልቅ ሳብ አድርጌ አየሁት፤ ይይዛል። ከፊት ሲታይ ምንም አይወጣለትም።

ይዤው ወደ እናቴ ሄድኩ። ሳትለኝ ገለበጥኩት።

ጊዜ ወስዳ አየችው።

"ፍቺው" አለች።